«ሲነሳ» ወይስ «ባዶ ሲሆን»?

ጥያቄ፦ ለሥራ ባልደረቦቼ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም በዶከር (ፕሮግራሞችን «ኮንቴይነር» በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስነሳ መሣሪያ) ስለማስነሳት በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። «ኮንቴይነሩ ሲነሳ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል በኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉ (ለኮንቴይነሩ ከውጭ በሚሰጠው ዋጋ) ይቀየራል» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ይህን አንብቦ ቫሪያብሉን ለውጦ ኮንቴይነሩን ቢያስነሳም የይለፍ ቃሉ የቀድሞው ሆኖ ቀረ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ» ብዬ ባርመው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ምክንያቱን ለማየት ግን ባልደረባዎ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት እንዳነበበው መመልከት ያስፈልጋል። «ሲ» በትንቢት ግሥ ላይ ተጨምራ ዋናው ግሥም «ይቀየራል» እንደሚለው ያለ ትንቢት ሲሆን፣ በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ትርጉም የሚደጋገም ድርጊት ነው። «ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል» የሚል ሰው ስለ አንድ ዓመት ክረምት ብቻ እንደማይናገር ሁሉም ይረዳል። ስለዚህ ባልደረባዎ «ኮንቴይነሩ በተነሳ ቁጥር» ብሎ ማንበቡ ትክክለኛ ንባብ ነው። «ይቀየራል» የሚለው ግሥም አለመግባባቱን አባብሶታል፤ የሚቀየር ነገር ቀድሞ የነበረ ነውና፣ አንባቢው ቫሪያብሉ በነባር የይለፍ ቃል ላይ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል።

እውነታው እንዲህ ነው። በፖስትግሬስ ኦፊሴላዊ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ በሚፈጠርበት ዝግጁ ጥቅል) ውስጥ ያለው የማስነሻ ስክሪፕት ዳታው የሚቀመጥበትን ፎልደር ይመለከታል። ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ዳታቤዙን ይመሠርታል፤ የተጠቃሚውን ስም ፖስትግሬስ ዩዘር ከሚባለው ቫሪያብል፣ የይለፍ ቃሉን ከፖስትግሬስ ፓስወርድ፣ የዳታቤዙን ስም ደግሞ ከፖስትግሬስ ዲቢ ይወስዳል፤ ይህ የመጨረሻው ካልተሰጠውም ዳታቤዙን በተጠቃሚው ስም ይጠራዋል። ፎልደሩ ውስጥ ዳታቤዝ ካገኘ ግን ምሥረታውን እንደዘለለው በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ ጽፎ ሰርቨሩን ወደ ማስነሳት ያልፋል፤ የይለፍ ቃሉን ጉዳይ አይነካውም። የባልደረባዎን ሎግ ብትከፍቱት ይህንኑ መስመር እንደምታገኙት አልጠራጠርም።

እንግዲህ «ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ» የሚለው እርማት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አሮጌውን ኮንቴይነር ሰርዞ አዲስ የፈጠረ፣ ነገር ግን የቀድሞውን ቮልዩም (ዳታው ከኮንቴይነሩ ተለይቶ የሚቀመጥበትን ማከማቻ) ያገናኘ ሰው፣ ኮንቴይነሩን በእርግጥም ለመጀመሪያ ጊዜ አስነስቷል፤ ፎልደሩ ግን ባዶ ስላልሆነ ምሥረታ አይካሄድም። ጉዳዩን የሚወስነው የኮንቴይነሩ ዕድሜ ሳይሆን የፎልደሩ ሁኔታ ስለሆነ፣ ሁኔታውን የሚናገረው ሐረግ በፎልደሩ ላይ መመሥረት አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ዳታው የሚቀመጥበት ፎልደር ባዶ ሲሆን ብቻ፣ የማስነሻ ስክሪፕቱ ዳታቤዙን ይመሠርትና የይለፍ ቃሉን ከፖስትግሬስ ፓስወርድ ይወስዳል፤ ፎልደሩ ባዶ ካልሆነ ግን ቫሪያብሉ ቢለወጥም የይለፍ ቃሉ አይለወጥም።»

የ«ብቻ»ን ቦታ ያስተውሉ። «ብቻ» የሚወስነው ከእሱ ቀድሞ የመጣውን ቃል ወይም ሐረግ ነውና፣ «የይለፍ ቃሉን ብቻ ይወስዳል» ቢባል የተጠቃሚው ስም ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ ያስመስላል። ድርጊት ፈጻሚውንም፣ ማለትም ስክሪፕቱን፣ በግልጽ መጥራቱ ጠቃሚ ነው፤ በ«ይቀየራል» ውስጥ ቀያሪው ማን እንደሆነ አንባቢው በግምት መድረስ ነበረበት።

በነባር ዳታቤዝ ላይ የይለፍ ቃል መቀየር የሚፈልግ ሰው ወደ ዳታቤዙ ገብቶ በኦልተር ዩዘር ትዕዛዝ ይቀይረዋል፤ «መቀየር» የሚለው ግሥ በመመሪያው ውስጥ ለዚህ ድርጊት ቢቀመጥ ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ውጤቱን ሲፈትሹም ከኮንቴይነሩ ውጭ ሆነው ይሁን፤ ኢሜጁ ከውስጥ ለሚመጣ ግንኙነት የይለፍ ቃል እንዳይጠየቅ አድርጎ ስለሚያዘጋጀው፣ ከውስጥ የሚደረግ ፍተሻ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ቃል እኩል ያስገባል።

ካልጠየቁኝ ነገር አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት የሰው ዳታ ያስከፍላል። ኮንቴይነር ኢንቫይሮመንቱን የሚቀበለው ሲፈጠር ስለሆነ፣ አዲስ ዋጋ እንዲያነብ «ሪስታርት» ማድረግ (አቁሞ ማስነሳት) ብቻውን አይበቃም፤ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት። ይህን በአማርኛ ስንጽፍ «ኮንቴይነሩን አጥፍተው እንደገና ይፍጠሩ» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን «ማጥፋት» በቋንቋችን መብራት ማጥፋትም ነው፣ ፋይል ማጥፋትም ነው፤ አንዱ አንባቢ ማቆም ብቻ እንደሆነ ያስባል፣ ሌላው ደግሞ ቮልዩሙን ጨምሮ ሁሉንም ይሰርዛል፤ ያን ጊዜ ፎልደሩ በእርግጥ ባዶ ይሆናል፣ የይለፍ ቃሉም ከአዲሱ ቫሪያብል ይወሰዳል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዳታ ግን የለም። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ «ማጥፋት»ን ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሥራ ማስቆምን «ማቆም»፣ ማስወገድን «መሰረዝ» ይበሉ፤ የሚሰረዘውንም በስሙ ይጥሩ፦ «ኮንቴይነሩን ያቁሙ፤ ከዚያም ኮንቴይነሩን ይሰርዙ፤ ቮልዩሙን ግን አይንኩ።»