የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ የማላውቀው ዕዳ አለ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የመኪና ብድር ጠይቄ ተከለከልኩ። ክሬዲት ሪፖርቴን (የብድርና የዕዳ ታሪኬን የያዘውን መዝገብ) ሳወጣ የማላውቀው የ640 ዶላር የስልክ ዕዳ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እጅ) ገብቶ አገኘሁ። ስሙ የእኔ ነው፤ የአባቴ ስም ግን በአንድ ፊደል ይለያል። የኮሌክሽን ሰዎቹ «ግማሹን ክፈልና እንጨርስ» እያሉ ይደውላሉ። ከፍዬ ልገላገል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ከከፈሉ ዕዳው የእርስዎ መሆኑን እንዳመኑ ሊቆጠርብዎት ይችላል። ብዙ አበዳሪዎች የሚያዩት ስኮር (የብድር ታማኝነት ነጥብ) ደግሞ የተከፈለ ኮሌክሽንንም ይቀጣል።

የሌላ ሰው ፋይል ከእርስዎ ጋር የተደባለቀ ይመስላል። እኛ ለዚህ የተጋለጥን ነን፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፣ ተስፋዬ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ ወረቀቱ ላይ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰውም ብዙ ነው።

መጀመሪያ የሦስቱን የክሬዲት ቢሮዎች፣ የኢኩፋክስን፣ የኤክስፔሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት ከአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ያውጡ። በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል፤ የራስን ሪፖርት ማየት ስኮር አይቀንስም። ብድሩን የከለከለው ድርጅት የላከልዎት ደብዳቤ የየትኛውን ቢሮ ሪፖርት እንዳየ ይናገራል፤ ከእሱ ይጀምሩ።

ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ዕዳው ገጽ ይሄዳል። እርስዎ ግን ስምና አድራሻ ያለበትን የመጀመሪያ ክፍል ያንብቡ። የእርስዎ ያልሆነ የስም አጻጻፍ፣ ያልኖሩበት ቤት፣ ያልሠሩበት መሥሪያ ቤት ካለ ያክብቡበት፤ እሱም ይሰረዝ ዘንድ አብረው ዲስፒዩት ያድርጉ (ስህተት ነው ብለው ለቢሮው ይቃወሙ)። ዕዳውን ብቻ አስወጥተው የሰውየው አድራሻ ከቀረ፣ ሌላ ሂሳቡ ተመልሶ ሊገባብዎት ይችላል።

ዲስፒዩቱን በድረ ገጽ ከማድረግ በደብዳቤ ቢልኩት እንመርጣለን፤ በድረ ገጹ ፋይሉ መደባለቁን በቅጡ ለማስረዳት ቦታው ይጠብባል። ያከበቡበትን ገጽ፣ የመንጃ ፈቃድዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎንና አድራሻዎን የሚያሳይ የመብራት ቢል ኮፒ አያይዘው በሰርቲፋይድ ሜይል (መድረሱ በሚረጋገጥ ፖስታ) ይላኩ። ዋናውን ሰነድ በፍጹም አይላኩ።

ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ቢመጣ ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ጊዜ ባለዕዳነትዎን ያስመዘገበው ድርጅት ስሙን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ ብቻ ይመልሳል። ስለዚህ ለራሱ ለኮሌክሽን ድርጅቱም ይጻፉ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሰዎት 30 ቀን ካልሞላ ማስረጃ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ እስኪያቀርብ ድረስ ገንዘቡን መጠየቅ ማቆም አለበት። እምቢ ካሉ የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾችን አቤቱታ ይቀበላል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ የ1,000 ዶላር ሊሚት (የመበደሪያ ጣሪያ) ያላት አንዲት ክሬዲት ካርድ አለችኝ። በወር 800 ዶላር ያህል እጠቀምና ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን እከፍላለሁ። ስኮሬ ለምን አያድግም?

መልስ፦ ባንኩ በአብዛኛው ለቢሮዎቹ የሚያሳውቀው ስቴትመንት (የወሩ የሂሳብ መግለጫ) በሚዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ነው። የመክፈያው ቀን ከዚያ ቢያንስ 21 ቀን ይዘገያል። እርስዎ ከመክፈልዎ በፊት ሪፖርቱ ላይ 800 ከ1,000፣ ማለትም 80 በመቶ ተጽፏል። ብዙ አበዳሪዎች ከሚጠቀሙበት ከፋይኮ ስኮር 30 በመቶው የሚታየው ከዚህ ከዕዳ መጠን ነው። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለው 720 ዶላር ይክፈሉ። የሚመዘገበው 80 ዶላር፣ ማለትም 8 በመቶ ይሆናል። የቀረችውን 80 ዶላር እንደ ልማድዎ በመክፈያው ቀን ይጨርሱ።