ቆርቆሮውን ቆጠርከው?

ባለፈው ሳምንት ስድስት ኪሎ፣ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥዕል ማዕከል ስወጣ አንዲት የሥዕል ተማሪ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ እጄ ደርቆብኛል። የምስለው ሁሉ ፎቶ ይመስላል። እንዴት ላፍታታው?» አለችኝ። ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። «ትልቅ ብሩሽ ያዢ» ብያት ገባሁ። አራት ኪሎ ሳልደርስ ቆጨኝ። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ምን እንዳስከፈለኝ አልነገርኳትም።

እኔ እንጀራዬ ድራፍቲንግ፣ ፕላን መንደፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ሮትሪንግ በሚባለው የቀለም ብዕርና በማስመሪያ መስመር ሳሰምር ኖሬያለሁ። በኛ ሥራ ቀለም ከተንጠባጠበ በምላጭ ፍቆ ማጥፋት ነው። እጄም ይህንኑ ተማረ። ቅዳሜና እሁድ ሥዕል ስስልም ምላጩ ከጣቴ የወጣ አይመስለኝም።

በ1977 ዓ.ም. ፒያሳ፣ አንድ የቀበሌ ቤት ፎቅ ላይ በደባልነት እኖር ነበር። ደረጃው ሲወጡት ይጮኻል። ሌሊት አምሽቼ ስገባ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከበረንዳው ላይ ግን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጣራዎች ቁልቁል ተደራርበው ይታያሉ። ዝገት የበላው፣ የተጣፈ፣ ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ድንገት አባራና ፀሐይ ወጣች። እርጥቡ ቆርቆሮ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ እንደ መስታወት ሆነ። ትንንሾቹን ብሩሾቼን ጓደኛዬ ወስዷቸዋል። የነበረኝ ግድግዳ የምንቀባበት ሰፊ ብሩሽ ብቻ ነው። አቡጀዲ ወጥሬ፣ ሙጫና ነጭ ቀለም ቀብቼ ያስቀመጥኩት ነበረኝ። ቀለሙን በአኳራጅ አቀጠንኩና ገባሁበት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ቀለሙ ወረደ፤ ተውኩት። ፀሐይዋ ልትሄድ ስለሆነ የማርምበት ጊዜ አልነበረኝም።

በደባልነት ያስጠጉኝ እትዬ ቡና ደርሷል ሊሉኝ መጡ። ሥዕሉን አዩና «ዝናቡ ገና አላባራም እንዴ?» አሉ። ጣራ የሚባል ነገር አልታያቸውም፤ ዝናቡ ግን ታያቸው። እኔ አፈርኩ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ስለ ሥዕሌ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና እሱ ነው።

በማግስቱ ሥዕል ያስጀመረኝ ታላቄ መጣ። ሸራውን ዘቅዝቆ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ሲጋራውን እስኪጨርስ አየው። «አትንካው። ፈርምበትና ደብቀው» አለኝ።

ነካሁት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ማስመሪያ ይዤ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ለየሁ። ጎርባጣውን፣ ሚስማሩን፣ የጭስ ማውጫውን ሁሉ። እትዬ «አሁን አማረ» አሉ። ደስ አለኝ። ታላቄ ሲያየው ብዙ አልተናገረም። «ቆርቆሮውን ቆጠርከው?» አለና ስለ ሌላ ነገር አወራ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሥዕል አንስቶልኝ አያውቅም።

የዛሬ ወጣቶች ደግሞ መቁጠሩን ለስልክ ሰጥታችሁታል። ፎቶ ታነሳላችሁ፣ በፕሮጀክተር ሸራው ላይ ታበራላችሁ፣ ጠርዝ ጠርዙን ትከተላላችሁ። ሥዕሉ ሳይደርቅ ቲክቶክ ላይ ነው። ከዚያ «እጄ ደረቀ»! እንዴት አይደርቅ? መጀመሪያ ድሮዊንግ ተማሩ እላችኋለሁ። እርግጥ የኔን እጅ ያደረቀው ራሱ ድሮዊንግ ነው። ቢሆንም ተማሩ።

አብስትራክት፣ ነገሩን አስመስሎ የማይስለው ሥዕል፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጣራ ስስል ጣራ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ እጄ ለማረም ይቸኩላል። ስም የሌለው ነገር ስስል ግን ምኑን ላርመው? የሚቀረው ቀለሙ፣ ክብደቱና ጠርዙ ነው። ቀዩ አመዱን ይገፋዋል ወይስ ይሸከመዋል? ዓይን ያኔ ነው የሚሠራው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ተምሮ ሲመለስም ብዙ ሰው ሥራው ግራ ገብቶት ነበር። ግጥሙን ከሚወዱለት መካከል ሥዕሉን ያልወደዱለት ነበሩ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ግን ከኛው ከጠልሰም፣ ክታብ ላይ ከሚሣለው ሥዕል ነው የቀዳው። ያ ዓይን፣ ያ ሐረግ መቼ የፈረንጅ ሆነ? አያቴ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ክታብ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ልከፍተው ስል ተቆጥተውኛል።

ልጄ፣ ታክሲው ባይቸኩል የምልሽ ይህን ነበር። ቆመሽ ሳዪ። ከሦስት ቀለም በላይ አታውጪ። ዓይንሽን ጠበብ አድርጊ፣ ዝርዝሩ ይጥፋ። አርባ ደቂቃ ሲሞላ ብሩሹን አስቀምጪ። ዘይት ቀለም እርጥብ ሳለ መላልሰሽ ካሸሽው ጭቃ ይሆናል፤ ይህን በራስሽ ሸራ ታዪዋለሽ።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ያን ጊዜ ሥዕሉን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ሚስማሩ አንድ በአንድ አለ። እትዬ ያዩት ዝናብ ግን የለም። አቧራውን ልጠርግ ፍሬሙን ስፈታ በታችኛው ጠርዝ ሁለት ጣት የሚሆን ቦታ አገኘሁ። ፍሬሙ ስለሸፈነው ማስመሪያዬ አልደረሰበትም። ቀዩ ቀለም ወርዶ ከአመዱ ጋር እንደተቀላቀለ፣ እንደዚያው አለ።

አሁን ያችን ሁለት ጣት ሜትር በሜትር አቡጀዲ ላይ አሳድጌ ለመሳል እየሞከርኩ ነው። ሁለቱን አበላሽቻለሁ፤ እጄ ዛሬም ምላጩን ይፈልጋል። ቅዳሜ ሦስተኛውን እወጥራለሁ። ያቺ ልጅ ይህን ካነበበች ሰፊ ብሩሽ ይዛ ትምጣ። የኔ ፀጉሩ እየረገፈ አስቸግሮኛል።