ጣርማ በር ላይ እምቢ ያለው ዋይፐር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በፈረንጅ 1988 የተሠራች ጎልፍ አለችኝ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና እመላለስባታለሁ። ክረምት ላይ ጣርማ በር ስደርስ ጉምና ካፊያ ይቀበለኛል። ዋይፐሩ በቀስታውም በፈጣኑም ይጠርጋል። ቆም እያለ እንዲጠርግ ሳደርገው ግን ዝም ይላል። አንድ ጋራዥ «የዋይፐሩ ሞተር አልቋል፣ ይቀየር» አሉኝ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እንዳትቀይር ልጄ! ሞተሩ ቢያልቅ ኖሮ በቀስታውም በፈጣኑም ባልጠረገልህ ነበር። እኔ የምጠረጥረው ሪሌውን ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማለት ነው።

ሪሌው ውስጥ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ካፓሲተር አለች። ኤሌክትሪኩ በሚያቀጥነው ሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ ይገባላታል። ጠብታ እንደሚሞላው ጣሳ ቁጠራት። ስትሞላ ትራንዚስተሩ እንደ በር ሆኖ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይከፍታል፤ ጥቅልሉ ሽቦ ማግኔት ይሆንና አንዲት ብረት ይስባል። «ቀጭ» ትላለች፣ ሞተሩም ይነሳል። ካፓሲተሯ ትራገፋለች፤ ደግሞ መሙላት ትጀምራለች። በዋይፐሩ መሃል የምታየው ፋታ ይኸው የመሙያ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሪሌው ዋይፐሩን ያስነሳዋል እንጂ ወደ ቦታው አይመልሰውም። እሱን የሚሠራው ሞተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ማብሪያ ነው፤ ዋይፐሩ ታች እስኪተኛ ድረስ ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። መስታወቱ መሃል ላይ ተገትሮ ከቀረብህ ያን ጊዜ ወደ ሞተሩ ሂድ። እኔም በጎረምሳነቴ ይህን ሳላውቅ የሰው ሞተር በከንቱ አስቀይሬያለሁ።

አሁን ጸጥ ያለ ቦታ አቁማት። ቁልፉን ክፈት፣ የመኪናዋን ሞተር ግን አታስነሳ። መስታወቱ ላይ ውኃ እርጭ፣ በመኪናዋ በራሷ መርጫ። ያንተ ጎልፍ ላይ ከርጭቱ በኋላ ዋይፐሩን የሚያስከትለው ያው ሪሌ ነው። ተከትሎ ከጠረገ ሪሌው ደህና ነው፤ መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ አስፈትሽ። ካልተከተለ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ፊውዞቹ ጋ፣ ጀርባው ላይ 19 የተጻፈበትን ሪሌ ንቀል። ክዳኑን አውጥተህ ብየዳዎቹን በባትሪ ብርሃን እያቸው። በእግሮቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት ካየህ ተሰንጥቋል፤ የሬዲዮ ጠጋኝ በደቂቃ ይበይድልሃል።

በነገራችን ላይ ሮበርት ከርንስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እንዲህ ቆም እያለ ለሚጠርግ ዋይፐር በፈረንጅ 1964 የፈጠራ መብት ጠይቆ፣ ኋላ የመኪና አምራቹን ፎርድን ከስሶ በፈረንጅ 1990 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። እኔ ስንቱን ሪሌ በይጄ ያገኘሁት ምሳ ግብዣ ነው።

እስክታሠራው በቀስታው ንዳ። የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ስትገባ ግን አጥፋው፤ ደረቅ መስታወት ጎማውን ይበላዋል።