አንደኛ ክፍል ማስተማር ዝቅ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአማርኛ ቋንቋ በዲፕሎማ ተመርቄያለሁ። ሁለት አማራጭ አለኝ። አንደኛው ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍልን ሁሉንም ትምህርት ይዤ ላስተምር ነው፤ ልጆቹ 60 ናቸው። ሌላው አዲስ አበባ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አማርኛ ብቻ። ደመወዙ ይሻላል፤ ግን ሰኞ የ1ኛ ክፍል ንባብ ዴሞ (የመቀጠሪያ የሙከራ ትምህርት) አስተምሪ ብለውኛል። ጓደኞቼ ‹ተምረሽ ተምረሽ ሀሁ ልታስቆጥሪ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። እውነቱን ለመናገር ሰዋስው አውቃለሁ እንጂ ልጅ እንዴት ማንበብ እንደሚጀምር አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው ነገር ከሁለቱ አማራጮች ይበልጣል። ከሱ ልጀምር። ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ለላይኛው ክፍል ይጠቅሙሻል። ማንበብ የማይችልን ልጅ አንባቢ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙ መምህር ዲፕሎማ ይዞም፣ ዲግሪ ይዞም አያውቀውም። አንቺ አለማወቅሽን አውቀሽ ጠይቀሻል፤ ጥሩ ነው።

ጓደኞችሽ የሳቁበት ሥራ ሀሁ ማስቆጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ እውነታቸውን ነበር። ብዙ ክፍል ውስጥ የምታዪው ይህ ነው። መምህሩ በእንጨት ገበታውን ይጠቁማል፤ ልጆቹ በዜማ ይከተላሉ። ደስ ይላል። ከዚያ አንዱን ልጅ ጠርተሽ «ሚ»ን ብቻ ነጥለሽ አሳዪው። በሆዱ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። የያዘው ፊደሉን ሳይሆን ተራውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ድሮ ነቅተውበታል። ሀሁ ሲያልቅ ልጁን ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራው ሲለዋወጥ፣ በዓይኑ የለየውና በዜማ የሸመደደው ይታወቃሉ። እርግጥ አቡጊዳም ሲደጋገም በቃል ይያዛል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። እኛ ገበታውን ይዘን ሐሳቡን ጣልነው።

አሁን ወደ ሰኞው ዴሞ። 231ዱን ፊደል ለጊዜው ተዪው። አምስት ብቻ ያዢ፦ በ፣ ላ፣ ም፣ ማ፣ ር። ከነዚህ «በላ»፣ «ላም»፣ «በር»፣ «ማር» ይወጣሉ። «ማር በላ» ስትዪ ደግሞ አረፍተ ነገር ሆነ። አንድ ትንሽ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ራሱ አረፍተ ነገር ሲያነብ ያየ ርዕሰ መምህር ስለ ሰዋስው አይጠይቅሽም።

ጠመኔ ከመያዝሽ በፊት በጆሮ ጀምሪ። «ላ … ም። ምን አልኩ?» በያቸው። «ላም!» ይሉሻል። ከዚያ ገልብጪው፤ «ማር»ን እነሱ ይነጣጥሉት። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ዋናው ሥራ ግን እዚህ ነው። ድምፁን በጆሮው መነጠልና ማጣመር ያልቻለ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሲያየው ተአምር አይፈጠርም። ቀጥለሽ ፊደሎቹን ጻፊ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ እኔ ላንብብ፣ ከዚያ አብረን እናንብብ፣ በመጨረሻ እናንተ አንብቡ። ብዙ ጀማሪ መምህር መሐለኛውን ይዘላል። ራሱ አንብቦ ሲያበቃ ፊት ወንበር ላይ ያለውን ጎበዝ ልጅ ያስነሳል። ልጁ ያነባል፤ ይጨበጨባል፤ ክፍሉ ገባው ይባላል። ሌሎቹ ምንም አልገባቸውም። አንቺ ሦስተኛው ወንበር ላይ አንገቱን የደፋውን ልጅ አስነሺ። ዴሞ የሚገመግም ልምድ ያለው ሰው የሚያየው ያንን ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ትደናቀፊያለሽ፤ ቀድሜ ልንገርሽ። አንዱ ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ም» እና «ር» ያለው ስድስተኛው የፊደል ረድፍ ነው። «ላም» ላይ «ም» አጭር ናት፤ ድምፅዋ ቁርጥ ይላል። «ምሳ» ላይ ግን ትከፈታለች። ፊደሏ አንድ ናት። ልጁ «ላ … ምእ» ብሎ ቢጎትት ስለ ሳድስ አታስተምሪው። ቶሎ ቶሎ አያይዞ እንዲለው አድርጊ፤ የሚያውቀው ቃል ሲመጣለት ራሱ ያስተካክላል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «አባባ ቤት አለ» እና «አባባ ‹ና› አለ» ብለሽ ጻፊ። ያው «አለ» ነው፤ ንባቡ ግን ይለያያል፦ መጀመሪያው ላይ «ለ» ትጠብቃለች፣ ሁለተኛው ላይ ትላላለች። ለዚህ ነው ነጠላ ቃል ላይ ብዙ መቆየት የማይጠቅመው። ልጁ ቶሎ አረፍተ ነገር ካላገኘ በምን ይለየዋል?

ጽሕፈትን አጠር ላድርገው። ከሰሌዳ መገልበጥ የእጅ ልምምድ ነው፤ መጻፍ አይደለም። በቀን ሦስት ቃል በቃለ ጽሕፈት ስጪ። በሳምንት አንዴ ደግሞ የራሳቸውን አንድ አረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ስለ እናታቸው፣ ስለ በጎቻቸው፣ ስለፈለጉት። «እናቴ ቡን አፈላች» ብሎ ቢጽፍልሽ ደብተሩን ቀይ በቀይ አታድርጊው። የጻፈውን እንዳለ አንብቢለት፤ የጎደለውን ራሱ ይሰማዋል። ሀሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» ደግሞ ዘንድሮ አያጣሉሽ፤ ጊዜ አላቸው።

ንግግር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው። ክፍላችን ውስጥ ልጅ በብዛት የሚሰማው «ዝም በሉ!» ነው። ከዚያ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ቆሞ ሁለት አረፍተ ነገር መናገር አቃተው ብለን እንማረራለን። ዕቅድሽ ላይ ደግሞ «ንግግር» የሚል ርዕስ አለ፤ መምህሩ አንቀጽ አንብቦ ያልፈዋል። እንቆቅልሽ አለልሽ እኮ! አንዱ ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ክፍሉ «ምን አውቅልህ» ይላል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» መላሾቹ ይገምታሉ። ካቃታቸው «አገር ስጡኝ» ይላቸዋል፤ አገር ይሰጡታል፤ ከዚያ ጤዛ መሆኗን ይነግራቸዋል። ተመልከቺ እንግዲህ፦ ልጁ በድምቀት ተናግሯል፣ ተራ ጠብቋል፣ ሌላውን አዳምጧል፣ ተደራድሯል። አንድ ሳንቲም አላወጣሽም። ተረትም እንዲሁ ነው። አንቺ ንገሪያቸው፤ በማግሥቱ እነሱ ይንገሩሽ። ዓይን አፋሩን መጀመሪያ ለጎኑ ልጅ ብቻ እንዲነግር አድርጊ። የቤቱን አነጋገር ይዞ ለመጣ ልጅ ደግሞ ማንም እንዳይስቅበት። አንዴ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ አፉን አይከፍትልሽም።

እንግዲህ ወደ ምርጫሽ። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃን በሚጨርሱበት ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ልጆች 9ኙ ለዕድሜያቸው የሚመጥን አጭር ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ይህን ችግር በእጁ ፈትቶ ማሳየት የሚችል መምህር ተፈላጊ ነው። ጎበዝ የግል ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን መምህር ይሻማሉ። የንባብ ፕሮጀክቶችም የመጽሐፍ አዘጋጅና አሠልጣኝ ሲፈልጉ አንደኛ ክፍልን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያያሉ፤ ባለፉት ዓመታት በ7 የአገራችን ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ እንዲህ ያለ ሰው አስፈልጎ ነበር። ብቻ የፕሮጀክት ሥራ ዛሬ ኖሮ ነገ ሊታጠፍ ስለሚችል እሱን ብቻ አትጠብቂ።

ስለዚህ የኔ ምክር የመንግሥቱ ነው፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት። ስድስት የክፍል ደረጃ ስትሮጪ ከምትውዪ፣ ከአንድ ክፍል ልጆች ጋር ቀኑን ሙሉ መዋል ሙያውን ያስይዝሻል። የጠዋቱ ንባብ ያልገባው ልጅ ከሰዓት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ማንበብ ሲያቅተው እዚያው ታዪዋለሽ። ቋሚ ነሽ፤ ከጀማሪ መምህርነት ተነስቶ ወደ መሪ መምህር የሚወጣው የደረጃ ዕድገት አለ፤ በክረምት ዲግሪሽን መቀጠል ትችያለሽ። 60 ልጅ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። አንድ ደብተር ያዢና በቀን አምስት ልጅ ብቻ ለየብቻ አስነብበሽ ስሚ። በ12 የትምህርት ቀን ሁሉንም ታዳርሻለሽ። ማን የቱ ፊደል ላይ እንደቆመ ጻፊ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ደብተር ከማንኛውም የሥራ ልምድ ወረቀት በላይ ያስቀጥርሻል።

ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነና የደመወዙ ልዩነት ወሳኝ ከሆነ ግን የግሉን ያዢ፤ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም። ያኔም 1ኛና 2ኛ ክፍልን እንዲሰጡሽ ተደራደሪ።

የትኛውንም ብትመርጪ ከዴሞው አትቅሪ፤ ልምዱ ይጠቅምሻል። ጨርሰሽ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «የለኝም» አትበዪ። ውሉ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደምትይዢ፣ ልጆቹ መጽሐፍ ለየራሳቸው እንዳላቸው ወይስ ለሁለት እንደሚካፈሉ፣ ስታስተምሪ ክፍል ገብቶ የሚያይሽና የሚያርምሽ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂ። የመጨረሻውን «ማንም» ብለው ከመለሱልሽ፣ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሻል ለጀማሪ አይሆንም።