ጠወለገ ማለት ጠማው ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «መስኮት ዳር በሦስት ፖት በሶብላ፣ ሮዝመሪና ናና ተክያለሁ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ጀመሩ። በሶብላው በየቀኑ እያጠጣሁትም ይጠወልጋል። ውሃው እንዲወርድ ብዬ ከሥር ጠጠር አድርጌበታለሁ። አፈሩ ከመሬት የተቆፈረና በከረጢት የገዛሁት ተቀላቅሎ ነው። ሰው መክሮኝ አሸዋም ጨመርኩበት፣ ማዳበሪያም በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ሰጠሁት። አሁን የአፈሩ ላይ ነጭ ነገር አውጥቷል። ስነካውም ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። ምን ጎደለው?»

መልስ፦ ምንም አልጎደለውም። በዝቶበት ነው።

ጥያቄዎን እያነበብኩ «በየቀኑ» የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጠርኩ። ዝንቦቹ ጋ ስደርስ ጥርጣሬዬ አለቀ። እነዚያ ዝንቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥብ አፈር ላይ ነው። ላዩ በየመሃሉ በሚደርቅ ፖት ውስጥ አይራቡም። እንግዲህ የእርስዎ አፈር ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ደርቆ አያውቅም ማለት ነው። ቢጫው ቅጠል፣ መጠውለጉ፣ ዝንቡ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሥሩ እየበሰበሰ ነው።

«ውሃ ውስጥ ቆሞ እንዴት ይጠወልጋል?» ይሉኝ ይሆናል። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በአፈሩ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር አይጠጣም። ስለዚህ ተክሉ ከላይ ሲታይ ልክ እንደተጠማ ይሆናል። እርስዎም አንጀትዎ አይችልም፣ አንድ ኩባያ ይጨምሩለታል። በማግስቱ ይብስበታል። በጥማት ከሞተው በሶብላ ይልቅ በእንክብካቤ የሞተው እጄ ላይ በዝቷል።

ማረጋገጫው ሥሩን ማየት ነው። ግን አፈሩን ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ሳልናገር አልፌ አላውቅም። የከረጢት አፈርና ኮምፖስት ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። አቧራው ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ የአፈር ከረጢቶች ላይ ይኸው ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ የሚያጨሱና ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። ስለዚህ ማስክ ያድርጉ፣ ጓንት ያጥልቁ፣ ደጅ ወይም በር ተከፍቶ ይሥሩ። ከረጢቱን ሲከፍቱ ፊትዎን ያርቁ፣ በመቀስ ቀስ ብለው ይቁረጡት እንጂ አይቦጭቁት። ደረቅ አፈር በውሃ ሳያርሱ አያማስሉ። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፣ እንዳይሰለቹኝ።

አሁን በሶብላውን ይገልብጡና ያውጡት። መጀመሪያ ያሽትቱት፣ ግን ከራቅ አድርገው። ጥሩ አፈር ከዝናብ በኋላ እንዳለ መሬት ይሸታል። የቦይ ሽታ ከሸተተዎት ነገሩ አልቋል። ቀጥሎ ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ የበሶብላ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ይሆናል፤ በጣትዎ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ወልቆ መሃል ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሮዝመሪ ላይ በቀለም ብቻ አይፍረዱ፤ ያረጀ የሮዝመሪ ሥር ጤነኛም ሆኖ ቡናማ ነው። እሱን ጫን ጫን አድርገው ይፈትሹት።

ወደ ጠጠሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ወሬዬ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ።

ከሥር ጠጠር ማድረግ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ሁሉም ሰው የሚመክረውና ስህተት የሆነ ነገር ነው። ካላመኑኝ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ያምጡ። አራት ማዕዘን የሆነውን። ውሃ ውስጥ ነክረው ያጥግቡትና ሳይጨምቁ በጠፍጣፋው፣ እንደተኛ ይያዙት። ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ያቆማል። ያቆመው ውሃው ስላለቀ አይደለም። አሁን ሳይጨምቁት በረጅሙ ጎኑ ያቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል! ሲያቆም ደግሞ በአጭሩ ጎን ሽቅብ ያቁሙት። አሁንም ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፣ ቀዳዳውም ያው ነው። የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ከላይ ሲነኩት ውሃው ቀንሷል፣ ግርጌው ግን እንደጠገበ ነው።

አፈርም እንዲሁ ነው። ውሃን በጥቃቅን ክፍተቶቹ አጥብቆ ይይዛል። ከላይ ያለው ክብደት እስኪገፋው ድረስ አይለቅም። ስለዚህ በማንኛውም ፖት ግርጌ ላይ ሁልጊዜ የጠገበ የአፈር ንብርብር ይቀራል፤ ቀዳዳ ቢኖረውም። የዚያ ንብርብር ውፍረት በአፈሩ ዓይነት ይወሰናል። ደቃቅ አፈር ወፍራም ንብርብር ይይዛል፣ ሻካራ አፈር ስስ ንብርብር። የፖቱ ቁመት አይለውጠውም። ለምሳሌ አፈርዎ 4 ሴንቲ ሜትር የሚይዝ ቢሆን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፖት ውስጥ አንድ አምስተኛው ነው የሚረጥበው። 10 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አሁን ጠጠሩን ያስገቡበት። ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ ዘሎ የሚገባ ይመስላል። አይገባም። ጠጠር መሃል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃውን የሚስብበት ኃይል የለውም፤ አፈሩ ደግሞ አይለቅም። የጠገበው ንብርብር ጠጠሩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ቀድሞ ከፖቱ ወለል ላይ የነበረውን ጭቃ ወደ ሥሩ አቀረቡት ማለት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ፖት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ካደረጉ፣ በ15 ዋጋ የ10 ፖት ገዙ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ ስፖንጅ ባለበት ቤት መግባት የለብህም» ይለኛል። ይበል። ጠጠሩን ግን ያውጡት።

ቀዳዳው እንዳይዘጋ ከሰጉ አንድ ቁራጭ የወንፊት መረብ ወይም የቡና ማጣሪያ ወረቀት ይበቃል። የአፈሩን መፍሰስ ይከለክላል፣ ውሃውን ያሳልፋል። ሌላ ቀላል ዘዴም አለ፦ አጠጥተው ከጠነፈፈ በኋላ ፖቱን ወደ አንድ ጎን ዘመም አድርገው ትንሽ ደቂቃ ይያዙት። እንደ ስፖንጁ ተጨማሪ ውሃ ይወርዳል።

ስለ ፖቱ ምንም አልነገሩኝም፣ ግን እኔ ልገምት። ርካሽ የፕላስቲክ ፖት ነው፤ ከሥሩ ክብ ክብ ምልክት አለ እንጂ ቀዳዳው አልተበሳም። ወይም ደግሞ ፕላስቲኩ ሌላ ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ፖት ውስጥ ተቀምጧል፣ የወረደው ውሃም እዚያው ተጠራቅሟል። ፋብሪካው ቀዳዳውን ለመጨረስ ምን እንደሚከብደው አይገባኝም። ድሪል ካለዎት አራት ወይም አምስት ቦታ በ8 ሚሊ ሜትር ይብሱት። ጌጠኛውን ከወደዱት ይጠቀሙበት፣ ግን ካጠጡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውስጡን ይድፉ።

አፈሩ። ከመሬት የተቆፈረ አፈር መሬት ላይ ጥሩ ነው። ትሉ ያርሰዋል፣ ከሥሩ ጥልቅ መሬት አለ። ፖት ውስጥ ሲገባ ግን ውሃው እየጠቀጠቀው ይደድራል። አሸዋ የጨመሩበት ሰው ለመርዳት ብሎ ነው፣ አልጣላውም። ሆኖም ጭቃማ አፈር ላይ ትንሽ ደቃቅ አሸዋ መጨመር ክፍተቱን አይከፍትም፤ የነበረውንም ይደፍነዋል። የጡብ ጭቃ ነው የሠራችሁት።

የከረጢቱ አፈርም ከነቀፋ አያመልጥም። አንድ ጊዜ ርካሽ አገኘሁ ብዬ አምስት ከረጢት ገዝቼ፣ ስከፍተው ግማሹ ያልበሰበሰ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ከዚያም የፌስታል ቁርጥራጭና የጠርሙስ ስባሪ አገኘሁበት። ስባሪው መጣሉ አያቅትም። ያልበሰበሰው እንጨት ግን ይብሳል፤ እሱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ለተክሉ የታሰበውን ናይትሮጅን ይሻሙታል። ያኔ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ሰውም ማዳበሪያ ይጨምራል።

ከመግዛትዎ በፊት ከረጢቱን ያንሱት። እንደ ድንጋይ ከከበደ ወይ ውሃ ጠጥቷል ወይ ተራ አፈር ነው። ቤት ወስደው ካራሱት በኋላ አንድ እፍኝ ይጭመቁ። እጅዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ፣ በጣትዎ ሲነኩት መፈርፈር አለበት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ይመልሱት። «ለሁሉም ተክል» የሚል ጽሑፍ አያታልልዎ፤ ለሁሉም የሚሆን አፈር ለሮዝመሪ አይሆንም።

እኔ የምቀላቅለው እንዲህ ነው። ለበሶብላና ለናና ሦስት እጅ ጥሩ የከረጢት አፈር፣ አንድ እጅ ፔርላይት። ፔርላይት በሙቀት እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ ቀላል ነው፣ አየር ይይዛል። እሱ ከሌለ ደቃቁ የተነፋ፣ ቀለል ያለ ቀዳዳ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሆናል። ለሮዝመሪና ለጦስኝ እኩል በእኩል ያድርጉት። የከረጢት አፈር ካጡ ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ) እና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ሁለት ለአንድ ይሠራል። ኮኮፒቱን ግን ደጋግመው ይጠቡት፣ ጨው ሊኖርበት ይችላል። ትኩስ ፍግ አይጠጉ፤ ሥር ያቃጥላል፣ ደግሞም ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ሥር የሚደረግ ነገር አይደለም። ፔርላይቱም ሲፈስ ነጭ አቧራ ያስነሳል፤ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ውሃ ይርጩበት። ማስኩ አሁንም ፊትዎ ላይ ነው አይደል?

የተክሎቹ ዕጣ ይለያያል። ናናው አይሞትም። የበሰበሰውን ሥር ቆርጠው በአዲስ አፈር ብቻውን ይትከሉት፤ ከሌላ ጋር ከተተከለ ጎረቤቱን ይውጣል። በሶብላውን ለማዳን አይድከሙ። ያላበበ ጤነኛ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታች ቅጠሎቹን አንስተው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ያንን ይተክላሉ። ሮዝመሪው ግን ግማሽ ሥሩ ከሄደ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። ይሞክሩት፣ ካልሆነ አዲስ ይግዙ። አዲሱን ፖት አያግንኑት፤ ከሥሩ ጉብታ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል።

ነጩ ነገር የማዳበሪያና የውሃው ጨው ነው። አፈሩ ስለሚለወጥ ይሄዳል። ከእንግዲህ ለስድስት ሳምንት ምንም ማዳበሪያ አይስጡ። ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ግማሽ፣ በወር አንዴ። ብዙ የተቀለበ ቅጠል ትልቅ ይሆናል እንጂ ሽታው ይሳሳል።

ውሃን በቀን መቁጠሪያ አያጠጡ። ፖቱን ያንሱት። ካጠጡ በኋላ ክብደቱን በእጅዎ ይያዙት፣ ሲደርቅም እንዲሁ። በሳምንት ውስጥ እጅዎ ይለምደዋል። እስኪለምድ ጣትዎን ይክተቱ፦ ለበሶብላና ለናና ላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ከደረቀ፣ ለሮዝመሪ ግማሹ ከደረቀ ያጠጡ። ሲያጠጡ ከታች እስኪወጣ ነው፣ ጠብ ጠብ አይደለም። ፀሐይ ለበሶብላና ለሮዝመሪ በቀን 6 ሰዓት ያህል፤ ናና ባነሰም ይኖራል። በሶብላ ብርድ አይችልም፣ ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል።

ዝንቦቹ አፈሩ ሲደርቅ ራሳቸው ይጠፋሉ። የቀሩትን ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ይይዛቸዋል። የቤት ነፍሳት ማጥፊያ እንዳይነፉባቸው፤ ቅጠሉን ሊበሉት ነው።

አሮጌውን አፈር ለሌላ ፖት አያስቀምጡት። ደጅ ይድፉት። ለብዙ ቀን ደርቆ ከቆየ መጀመሪያ ውሃ ያርከፍክፉበት፣ ፊትዎን ከነፋሱ ያዙሩ፣ ማስኩንም ባዶውን ፖት አጥበው እስኪጨርሱ አያውልቁ።