ከረቂቅሽ ሦስተኛው ገጽ ይቅደም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይሄ ነው፦ በባዮሎጂ ተመርቀሻል፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሴል ፊቱንና ኋላውን እንዴት እንደሚለይ፣ ማለትም ስለ ሴል ፖላሪቲ ነበር። በዚያው መቀጠል ትፈልጊያለሽ፤ የፒኤችዲ ማመልከቻ ረቂቅሽንም ልከሽልኛል። ቤተሰብ ደግሞ «እንጀራ አይሆንም» ይላል።

እንጀራውን እናስቀድም። አገር ቤት በዚህ ስም የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ እስካሁን አልገጠመኝም። ማስተማርም ሆነ የላብራቶሪ ሥራ ካገኘሽ ያዢው። ማመልከቻው የማታ ሥራ ይሁን።

ረቂቅሽ «ለሴል ፖላሪቲ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ ይጀምራል። ሰርዢው፤ ፍቅር የሌለው አመልካች የለም። ወርቁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ደብቀሽዋል። እሱም ይሄ ነው፦

ሲ ኤሌጋንስ የምትባለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የምትጠና ጥቃቅን ትል፣ የፅንሷ የመጀመሪያዋ ሴል 50 ማይክሮሜትር ገደማ ትረዝማለች። ፓር-3 የሚባለው ፕሮቲን መጀመሪያ ዙሪያዋን ተበትኖ ይገኛል። ከዚያ ከሽፋኗ ሥር ያለው አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች መረብ ሲኮማተር ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ ጅረት ይነሳል። ነጠላ ፓር-3 ከሽፋኑ ቶሎ ይላቀቃል። በየፌርማታው የሚወርድ ተሳፋሪ መቼ ሩቅ ይደርሳል? ተያይዞ ሲከማች ግን ሽፋኑ ላይ ይቆያል፤ ጅረቱም ወደ ፊት ይወስደዋል። መከማቸቱ ወሳኝ እንደሆነ በ2017 በወጡ ጥናቶች ታይቷል። የፓር ጂኖች በ1988 ሲታወቁ ደግሞ ምልክታቸው ግልጽ ነበር፦ ሲበላሹ፣ ትልቅና ትንሽ ሆና መከፈል የነበረባት ሴል እኩል ለሁለት ትከፈላለች። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ልብ በይ፣ ይሄ የመለኪያ ጥያቄ ነው። ክምችቱ ስንት ሰከንድ ይቆያል? በምን ፍጥነት ይሄዳል? ለዚህ ፊልም ላይ ነጥብ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። እሱን ላፕቶፕሽ ላይ መለማመድ ትችያለሽ። ፊጂ የሚባለውን ነፃ የምስል መለኪያ ሶፍትዌር ጫኚ። ከታተመ ጥናት ጋር የተለቀቀ ቪዲዮ አውርጂ። አሥር ክምችቶችን በእጅሽ ተከታተይ፤ ፍጥነታቸውን በማይክሮሜትር በደቂቃ አስይና ግራፍ ሥሪ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ብታውቂማ አሪፍ ነው። እኔ መልማይ ብሆን ያ አንድ ገጽ ከሰርተፍኬት ክምር ይበልጥብኛል።

አሜሪካ ብዙ የባዮሎጂ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ የኑሮ ወጪም ይከፍላሉ። ጀርመን አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይቀድማል። ለላብራቶሪ ኃላፊ ስትጽፊ ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ግራፍ።

አሥሩን ለክተሽ ስትጨርሺ ረቂቁን መልሰሽ ላኪልኝ። መግቢያውን ያኔ አብረን እናስተካክለዋለን።