ከሮም እስከ ቬኒስ በባቡር፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ከሮም ተነስቼ ፍሎረንስን አይቼ ቬኒስ መግባቴን ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። መስመሩን ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የማውቀውን ልመልስ።

በአምስት ቀን ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ፒሳ፣ ሚላኖና ቬኒስን አዳርሳለሁ?

ባቡር ጣቢያቸውን ታያለህ ወንድሜ። ፈጣኑ ባቡር ከሮም ፍሎረንስ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ቬኒስ በሁለት ሰዓት ከምናምን ያደርሳል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን የሚበላው ማደሪያ መቀያየሩ ነው፦ ዕቃ መሸከፍ፣ ክፍል ማስረከብ፣ አዲሱን መፈለግ፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቅ» መባል። ሦስት ከተማ ይበቃሃል።

ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ርካሹ?

ፈጣኖቹ ፍሬቻሮሳና ኢታሎ ናቸው። ትኬታቸው እንደ አውሮፕላን ነው፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ሬጆናሌ የሚሉት ቀርፋፋው ግን ዛሬም ግዛው ከወር በፊት ዋጋው ያው ነው። ሮም–ፍሎረንስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

እኔ ለእሱ አደላለሁ፤ ምክንያቱ መንገድ ላይ ያለችው ኦርቪየቶ ናት። ትኬቱን ሮም–ኦርቪየቶ፣ ኦርቪየቶ–ፍሎረንስ ብለህ ለየብቻ ግዛና እዚያ ውረድ። ከጣቢያው ፊት ለፊት በገመድ የሚጎተት ባቡር ገደሉ አናት ላይ ወዳለችው ከተማ ያወጣሃል። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1290 የተጀመረ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን የውሃ ጉድጓዱ ነው። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉት፣ እያንዳንዱ 248 እርከን። ውሃ ሊቀዳ የሚወርደው በቅሎ ጭኖ ከሚወጣው ጋር እንዳይገናኝ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።

ትኬት ማሽን ውስጥ ማስመታት ግዴታ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?

የሬጆናሌ የወረቀት ትኬት ከሆነ አዎ፣ ከመሳፈርህ በፊት። እኔ አላስመታሁም ነበር። ተቆጣጣሪው መጣ፣ «እንግዳ ነኝ» አልኩ፣ ማን ሰምቶኝ! ከትኬቱ የበለጠ ቅጣት ከፈልኩ። ጥፋቱ የራሴው ነው። በስልክ የገዛችሁ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ቼክ ኢን አድርጉ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ቬኒስ ይከብዳት ይሆን?

እህቴ፣ መኪና የለም፤ ድልድዩም አብዛኛው ደረጃ ነው። ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ውሃ ነው፣ ቫፖሬቶ የሚባለውን የውሃ አውቶብስ ተሳፈሩ። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ግን እንዳትይዙ። «ሜስትሬ» ሲባልም ተደናግጣችሁ እንዳትወርዱ፤ እሱ ከውሃው ወዲህ ያለው ጣቢያ ነው።

በጾም ምን ይበላል?

ፒዛ ማሪናራ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው፣ አይብ የለበትም። ፓስታ በቲማቲም ካዘዛችሁ «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። በፍሎረንስና በቬኒስ መካከል ያለችውን ቦሎኛን ለፋሲካ ማግስት አቆዩት፤ የሥጋ ሱጎ አገር ነው።

ሮም ላይ የእኛን ታሪክ የሚነካ ነገር አለ?

ገና ከባቡር ስትወርድ! ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ነው፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ»። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸውም ከዚያው በእግር ደቂቃዎች ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሳላውቅ አልፌዋለሁ፤ በሦስተኛው ቆሜ ፈገግ አልኩ።

በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ብትወርድ የፋኦን (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትን) ሕንፃ ታገኛለህ። እ.ኤ.አ. በ1937 የተተከለው የአክሱም ሐውልት በ2005 አገሩ እስኪገባ የቆመው እዚያ ፊት ለፊት ነበር። ቫቲካን ውስጥ ደግሞ ለሐበሻ ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን እዚያ እየኖሩ ነው እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ መጨረሻ የግዕዙን አዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት። ዘው ተብሎ ግን አይገባም።

አድማ ቢያጋጥመንስ?

ሾፐሮ ይሉታል፣ ቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀን የሬጆናሌ ባቡሮች በአድማም ቢሆን ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት ይሠራሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ጣቢያው ወለል ላይ ቦርሳውን ተንተርሶ ማታን ይጠብቃል።